ዘጠኝ ጥቁር ፍሬ

ሐረር ውስጥ ወይዘሮ ሮማነወርቅን «እንዴት አደሩ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም። ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ በሚያልፍበት ላይ እሷ ትቆማለች፤ ቆማም ትዘረዝራለች። ግራ ጉልበቷ ሌሊቱን ሲጠዘጥዛት አድሯል። ትናንት የበላችው ሽሮ አልተስማማትም። ጎረቤቷ ቆሻሻ ውሃዋን በደጃፏ ለቃባታለች። አሁን ደግሞ ጠያቂዋ መልሷን ሳትጨርስ ፊቱን ሲያዞር አይታ ተናዳለች። ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ ሲወጡ በሩቁ የሚያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። የሰፈሩ ቀልደኞችም «እትዬ ሮማንን ሰላም ልትል ነው? እንግዲያው ምሳህን ቋጥረህ ሂድ» ይባባላሉ።

እሷ ግን ቀልዱ አይገባትም። «ጠይቀኸኛል አይደል? እንግዲያው ቁምና ስማ» ትላለች። «መስማት ካልፈለግህ ማን ጠይቅ አለህ?»

ይህን አመል ከእናቷ ማኅፀን ይዛው አልወጣችም። እስከ ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት ድረስ እንደማንኛችንም ነበረች፤ ጥርሷ እያመማት «ተመስገን»፣ ጦሟን አድራ «ተመስገን» የምትል። እንዲህ ያደረጋት በዚያ ዓመት የሆነው ነገር ነው። ነገሩን ስተርከው እኔንም ያንገበግበኛል፤ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ።

አባቷ ሐረር በሸዋ እጅ በገባችበት ዓመት ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር። እሷ እዚሁ ተወለደች፣ እዚሁ ተዳረች፤ ባሏንም የኅዳር በሽታ እዚሁ ቀማት። ከሐዘን ስትነሳ ከሸዋ በር ውጭ ካለው ከፈረንጁ ነጋዴ ከሙሴ ዴልፋን የቡና መጋዘን ገብታ ለቃሚ ሆነች። ለቃሚ ማለት ከጧት እስከ ማታ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከጥሩው ቡና መካከል ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን የምታወጣ ሴት ናት። ሥራው ጉልበት አይፈልግም፤ ዓይን ይፈልጋል። ዓይን የሌላት ለቃሚ ለቃሚ አይደለችም።

ሮማነወርቅ ዓይንም እጅም ነበራት። በስድስት ዓመት ውስጥ የአርባ ሴቶች አለቃ ሆነች። ጆንያው ተለቅሞ ሲያልቅ ፊቷን አዙራ እጇን ትሰድና አርባ ፍሬ ቆጥራ ታወጣለች። ከአርባው ሁለት ጥቁር ቢገኝ ይታለፋል። ሦስተኛው ከወጣ ግን ጆንያው ይገለበጥና እንደገና ይለቀማል። ደንቡ የሙሴ ዴልፋን ነው። ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር ላይ የሚጫነው ቡና በስሙ ስለሚሄድ፣ በዚህ ነገር ምሕረት የሚባል አያውቅም። እሷም ደንቡን ወደደችው፤ ሰው አያይም፣ ፍሬ ብቻ ያያል ብላ።

ሙሴ ዴልፋንን ሲያበግነው የኖረው ግን ጥቁር ፍሬ ሳይሆን ኮሶ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ኮሶ መጠጣቱ አይቀርም። በየሁለት ወሩ እያንዳንዷ ለቃሚ አንድ ቀን ትቀራለች። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ማንም አይጠራውም። ዳኛ እንኳ ቢልክበት «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ይላል፤ ዳኛውም «እንግዲያው ነገ» ብሎ ይተወዋል። ለእነዚያ ሴቶች ከበዓል ሌላ ጋቢ ተከናንበው የሚተኙባት፣ ማንም ተነሺ የማይላቸው ቀን እሷ ብቻ ነበረች። የኮሶው ምሬት አንጀት ይቆርጣል፤ ቀኗን ግን ይወዷት ነበር። ሙሴ ዴልፋን ደግሞ እንደ ሌብነት ቆጠራት።

በጥር ወር አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከድሬዳዋ በበቅሎ መጣ። ረጋ ያለ፣ መነጽሩን ዘወትር የሚወለውል ሰው ነበር። አረንጓዴ ዘይት የያዙ እንክብሎች ይዟል። እንክብሉ ይዋጣል፤ ከላዩ የጉሎ ዘይት ይጠጣል፤ የኮሶው ትል ይወጣል፤ ሴቲቱም በማግስቱ ሰፌዷ ላይ ትገኛለች። ሐኪሙ መድኃኒቱ በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ አገሩ ላሉት ሊቃውንት የሚጻፍ መረጃ ይፈልጋል። ሙሴ ዴልፋን የሥራ ቀኑን ይፈልጋል። ሁለቱ የሚፈልጉትን ተነጋገሩና አርባ ሴት ተገኘ። አርባዎቹ ምን እንደሚፈልጉ የጠየቀ የለም።

ሮማነወርቅስ? እሷም አልጠየቀችም። ይህን እሷ ራሷ ከማንም በላይ ጮክ ብላ ትናገረዋለች፤ እኔም አልደብቅላትም። «አለቃቸው ነሽ፤ ከአንቺ እጅ ይወስዱታል» ሲባል ደስ አላት። ተሰልፈው በቆሙበት እንክብሉን በየመዳፋቸው እያስቀመጠች «ዋጪው፤ ምን ትሆኛለሽ?» አለች። ዋጡት።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ በየጧቱ ይመጣል። አጠገቡ አስተርጓሚው እንደሻው አለ፤ ከፈረንጅ ትምህርት ቤት ወጥቶ የመጋዘኑ ጸሐፊ የሆነ፣ ኮሌታው የነጣ ወጣት። ሐኪሙ አንድ ቃል ይላል። እንደሻው «እንዴት ነሽ ይልሻል» ይላል። ሴቲቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነኝ» ትላለች። ሐኪሙ ምልክት ያደርጋል። ወደ ቀጣይዋ ያልፋል።

እስቲ ሐረር ውስጥ፣ ከሐረርም ውጭ፣ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የሚሰጥ ክርስቲያን አሳዩኝ! ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ የሚለው ይህንኑ ነው። እስላሙም «አልሃምዱሊላህ» ይላል። መልሱ የጤና ወሬ አይደለም፤ ለጠያቂው የሚሰጥ አክብሮት ነው። ሐኪሙ አላወቀ ይሆናል። እንደሻው ግን ያውቃል፤ እዚሁ አድጓል። ሮማነወርቅም ታውቃለች። በየጧቱ ከአጠገባቸው ቆማ አርባ ጊዜ ሰማችው፤ ሥራው ቶሎ እንዲጀመር ብላ ዝም አለች።

ከአርባዎቹ መካከል በለጡ የምትባል ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ወላጅ የሌላት፣ ጀጎል ውስጥ ነሲማ ከምትባል ሴት ቤት አንዲት ክፍል ይዛ የምትኖር። ሥራውን ያስተማረቻት ሮማነወርቅ ናት፤ እንደ ታናሽ እህቷ ታያት ነበር። የበለጡ ትል በመጀመሪያው እንክብል አልወጣም። ሐኪሙ ሁለተኛ ሰጣት። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛ። ከሁለተኛው በኋላ በለጡ ሮማነወርቅን ለብቻዋ ስባ «እትዬ፣ ዓይኔ ፊት ጉም ነገር ይሄድብኛል» ብላት ነበር።

«እንቅልፍ አጥተሽ ነው» አለቻት ሮማነወርቅ። «ይልቅ ዋጪና ይገላገልሽ።»

ነገሩን ያወጣችው ነሲማ ናት። ነሲማ ሙዳይና ሰፌድ የምትሰፋ የሐረር ሴት ናት። አንድ እሑድ ሮማነወርቅ በጠባቡ መንገድ ስታልፍ ከበሯ ጠርታ አስገባቻት፤ በለጡ አልነበረችም። ነሲማ በቀለም የተነከረውን አለላ ከፊቷ ዘረጋችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወላሂ ሮማን፣ ይቺ ልጅ አታይም። ቀዩን አቀብዪኝ አልኳት፣ ጥቁሩን ሰጠችኝ። ቀለደች ብዬ ሳቅሁ። ደግሜ ጠየቅኋት፣ አረንጓዴውን ሰጠችኝ። ሱብሃነላህ! ከዚያ ወዲያ ስከታተላት ግድግዳውን እየዳሰሰች ነው የምትወጣው።»

ሮማነወርቅ አለላውን በእጇ ገፋችው። «መጋዘን ግን በየቀኑ ትለቅማለች እኮ» አለች።

«በጣቷ ነዋ» አለች ነሲማ። «ያጠገቧ ልጅ ጥቁሩን እያወጣችላት። አንቺ ስትመጪ ቀና ትላለች።»

በለጡ ስትመጣ ሮማነወርቅ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ምንም ሳትናገር ሦስት ጣቷን አወጣች። በለጡ ጣቶቹን አልፋ ድምፅ ፍለጋ ፊቷን አዞረች። ሮማነወርቅ ያን ጊዜ እዬዬ ብላ አለቀሰች። በለጡ አላለቀሰችም። እጇን ፈልጋ ያዘቻትና ጨመቀቻት።

«እትዬ፣ በመድኃኔዓለም፣ አታውጪብኝ። ሲነጋ ትንሽ ብርሃን አያለሁ፤ ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል። ሙሴ ካወቀ ያን ቀን ነው የሚያባርረኝ። ዕውር ለቃሚ ማን ይፈልጋል?»

«አላወጣም» አለች ሮማነወርቅ። ምላላት ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ንዴቷ መጀመሪያ በሐኪሙ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ በሙሴ ዴልፋን ላይ። ተመልሶ በራሷ ላይ ሲያርፍ ግን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። አንዷ እንዲህ ከሆነች ሠላሳ ዘጠኙስ? እሷም በተራዋ ልትመረምር ተነሳች። ማንበብና መጻፍ አታውቅም፤ የምታውቀው መልቀም ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአርባውንም ቤት አዳረሰች፤ አንዷን በጀጎል ጉራንጉር፣ ሌላዋን ከኤረር በር ማዶ። «እንዴት ነሽ?» ብላ አልጠየቀችም። «ባለፈው ሳምንት ልሥራ ብለሽ ያልቻልሽው ምን ነበር?» ነበር የምትለው። ያን ጊዜ አፍ ተከፈተ። አንዷ በመርፌ ክር ማስገባት አቅቷታል። አንዷ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ይንቀጠቀጣል። አንዷ የአራት ወር ፅንስ ወርዶባት ለባሏ እንኳ አልተናገረችም። ሮማነወርቅ ከየቤቱ ስትወጣ ከኪሷ አንድ ፍሬ ቡና ታወጣና በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ደህና ለሆነችው ጥሩ ፍሬ፣ ለተጎዳችው ጥቁር። ፍሬ ስም የለውም፤ የማንንም ምስጢር አያወጣም ብላ ነው።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ወጣ። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሙሴ ዴልፋን በቀለም የተነከረ ጨርቅ ወደ ሮማነወርቅ ገፋ አደረገና «ጣትሽን እዚህ አድርጊ» አላት።

«ምን ይላል ወረቀቱ?» ብላ እንደሻውን ጠየቀችው።

«አርባ ሴቶች መድኃኒቱን ወሰዱ፤ አርባዎቹም ደህና ናቸው፤ ማንም አልተጎዳም ይላል» አለ እንደሻው። «እርስዎ በእጅዎ ስለ ሰጧቸው፣ በየቀኑም ስለሚያዩአቸው፣ ለዚህ ምስክር ነዎት።»

«ደህና መሆናቸውን በምን አወቀ?»

«ጠይቋቸዋላ፣ እትዬ። በየጧቱ።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ፍሬዎቹን ከወረቀቱ ላይ አፈሰሰቻቸው፤ በጣቷም ለየቻቸው፣ ሠላሳ አንዱን ወደዚህ፣ ዘጠኙን ወደዚያ። ሴቶቹ ሁሉ ከሰፌዳቸው ቀና አሉ። አርባውም ሴቶች ቡና መቁጠር ያውቃሉ።

«ሙሴ» አለችው፤ «ከአንድ ጆንያ አርባ ፍሬ አውጥቼ ዘጠኝ ጥቁር ባገኝ ጆንያውን ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

ሙሴ ዴልፋን ጨርቁን ዳግም ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ተናገር እንጂ! ሦስተኛው ጥቁር ከወጣ ገልብጪው አላልከኝም? ይኸው ዘጠኝ። ይህን እንደ ደህና ቡና ጫኑት ነው የምትሉኝ? ለቡናው የማትዋሸውን ለሴቶቹ ትዋሻለህ?» ወደ እንደሻው ዞረች። «አንተ ደግሞ እያንዳንዷን ቃል ንገረው። ብታስቀር ኮሌታህን ይዤ ነው የምጎትትህ።»

እንደሻው ላብ አጠመቀው፤ ግን ነገረው። ይህን ለእሱ እንመስክርለት። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ፍሬዎቹን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ።

«ቡና ማስረጃ አይሆንም ይላል» አለ እንደሻው። «ተጎዳች የሚሏት ማን ናት? አንዷን ያሳዩኝና እኔው ልጠይቃት ይላል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። ምላለች። የማንንም ስም ላትጠራ ነው በፍሬ የመጣችው። ግን ደሟ ፈልቷል፤ ሙሴ ዴልፋንም ጥርሱን ገልጦ ፈገግ አለባት። የዚያን ሰው ፈገግታ ለማጥፋት ስትል የገዛ መሐላዋን ረሳች።

«በለጡ!» ብላ ጮኸች። «ነይ እዚህ!»

በለጡ አልተነሳችም። ሮማነወርቅ ሄዳ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፤ እየመራችም ከጠረጴዛው ፊት አቆመቻት። የልጅቱ ክንድ ሲንቀጠቀጥ በእጇ ተሰማት፤ ግን አልለቀቀችውም።

ሐኪሙ ጎንበስ አለ። ሁለት ወር ሙሉ የሰማውን ቃል በራሱ አንደበት፣ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቃት። «እንዴት ነሽ?»

በለጡ ቀና አለች። ወደ ድምፁ ዞረች። የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ «ደህና ነኝ።»

ሐኪሙ እጆቹን ዘረጋ፤ «ይኸው፣ ሰማችሁ» እንደ ማለት። እስክሪብቶውን አነሳ።

«ዓይኗን እይ እንጂ አፏን ምን ትሰማለህ!» ብላ ጮኸች ሮማነወርቅ። «ሐኪም አይደለህም እንዴ? መስታወት አለህ፣ መብራት አለህ፤ ያ ሁሉ መሣሪያ በቦርሳህ ውስጥ ምን ይሠራል? ብርሃኑን ዓይኗ ላይ አብራ! አንድ ጊዜ አብራ!»

ቦርሳው አልተከፈተም። ሰውየው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሩ አጠገብ ነበር ያስቀመጠው፤ ጎንበስ ቢል ይበቃዋል። አልጎነበሰም። ሳያውቅ ቀረ የሚል ይኖራል፤ እኔ አልቀበልም። ያልፈለገውን እንዳያይ ቦርሳውን ያልከፈተ ሰው ምን እንዳለ አውቋል።

ሮማነወርቅ መዳፏን በሙሉ በቀለሙ ነከረችና ወረቀቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተተችው። አርባው ምልክት በጥቁር ተለወሰ። ለቅጽበት ያሸነፈች መሰላት። ሐኪሙ ግን ሳይቆጣ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጎን አደረገው። ሌላ ቅጂ ነበረው። በማግስቱ ቅጂውን ይዞ በበቅሎው ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ ከሥሩ የማን ጣት እንዳረፈ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሙሴ ዴልፋን ሐኪሙን ሸኝቶ ሲመለስ ሁለቱን ሴቶች ጠራ። ሮማነወርቅን ባረራት፤ ይህን ጠብቃው ነበር። ቀጥሎ ወደ በለጡ ዞረ።

«አንቺም ሂጂ።»

«እኔ ደህና ነኝ ብያለሁ እኮ፣ ጌታዬ» አለች በለጡ። «ሐኪሙም ጽፎልኛል።»

«አለቃሽ አታይም ብላለች» አለ ሙሴ ዴልፋን። «እሷ ፍሬ አትስትም። አምኛታለሁ።»

ተመልከቱ እንግዲህ! ለወረቀቱ ደህና ናት፤ ለመጋዘኑ ዕውር ናት። አንዲት ሴት በሁለት ቀን ውስጥ፣ በአንድ ግቢ፣ ለሁለት ሰዎች ጥቅም ሁለቱንም ሆነች። ያቺን ልጅ ያስባረረው የሮማነወርቅ የራሷ እውነት ነበር።

ከሸዋ በር ገብተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። በለጡ እጇን መነጨቀች።

«አትንኪኝ» አለች። «ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ አጎረሰኝ። አንቺ ሳትጠይቂኝ አቆምሽኝ። በምን ትለያላችሁ?»

«እንዲካሱሽ ብዬ ነው፣ በለጡ። ሌሎቹን እንዳይነኩ ብዬ...»

«እሱም ለሌሎቹ ብሎ ነው» አለች በለጡ፤ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደች።

የሆነው ሁሉ ከንቱ ቀረ ብል ደግሞ እዋሻለሁ። በማግስቱ ጧት መጋዘኑ ባዶ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙም ሴቶች አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ፦ «ኮሶ ጠጥተናል።» ሙሴ ዴልፋን ዘበኞች ቢልክ ሴቶቹ በእርግጥ ጠጥተው፣ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። የጠጣ ሰው አይጠራም፤ ዘበኞቹም ከበሩ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መጋዘን እንክብል የሚባል ነገር የወሰደ የለም። የኮሶ ቀናቸውን አስመለሱ። ይህን ሲነግሯት ሮማነወርቅ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ይጠፋል።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረስ መጋላ ካሉት ሱቆች በአንዱ ያን አረንጓዴ እንክብል በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ አየችው። ሣጥኑ ላይ ጽሑፍ አለ። እንደሻው በአጋጣሚ ሲያልፍ ኮሌታውን ያዘችው፤ «አንብብ» አለችው። እንደሻው ገና ሳያነብ ቀላ።

«በሐረር ከተማ በአርባ ሴቶች ላይ ተሞክሮ» አለ፤ «አንዲትም ሳትጎዳ... አርባዎቹም...»

«ጨርስ።»

«አርባዎቹም ደህና ሆነው ተገኝተዋል።»

ያን ቀን ፈረስ መጋላ ላይ ያነሳችው ጩኸት እስከ ዛሬ ይወራል። ሱቁ ደጃፍ ቆማ ለሚያልፈው ሁሉ፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም፣ ዘጠኙ ምን ምን እንደሆኑ እስኪመሽ ተናገረች። በዚህ ጊዜ ስም አልጠራችም፤ የአንዷንም። ባለ ሱቁ እብድ ናት አለ። ጥቂት ሰዎች ሰሟት። ብዙዎቹ «እንዴት ዋሉ እትዬ?» ብለው በአክብሮት አለፏት። ይህ የመጨረሻው ነው ያሳበዳት። ከዚያ ወዲህ ነው እንዴት ነሽ ያላትን ሰው ሁሉ አቁማ እውነቱን የምትዘረዝርለት።

በለጡ አሁንም ከነሲማ ቤት አለች። ነሲማ ስፌት አስተምራታለች፤ ጣቶቿ ድሮም ብልሆች ነበሩ። ነሲማ «ቀይ»፣ «ጥቁር» እያለች አለላውን ታቀብላታለች፤ እሷ ትሰፋለች፤ የሚያየው ሰው በጣት ብቻ የተሠራ ነው ቢሉት አያምንም።

ሮማነወርቅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጧት ትሄዳለች። ባቄላ፣ ቅቤ፣ ያገኘችውን ይዛ። ድሮ በለጡ «እትዬ፣ መጣሽ?» ነበር የምትላት፤ እንደ እህት፣ እንደ ልብ ወዳጅ። አሁን እንደዚያ አትላትም። ሮማነወርቅ ከደጃፉ ሥር ትቀመጥና ከራሷ ትጀምራለች፤ ምንም አታስቀርም። ጉልበቷን፣ እንቅልፏን፣ ያን ቀን ክንዷ ሲንቀጠቀጥ እያወቀች አለመልቀቋን። በለጡ አለላውን እያጠበቀች ትሰማለች። ሮማነወርቅ ጨርሳ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ በየሳምንቱ የምትጠይቀውን ትጠይቃለች።

«አንቺስ በለጡ፣ እንዴት ነሽ?»

በለጡ ቀና ትላለች። ወደ ድምፁ ትዞራለች። የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክላለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ «ደህና ነኝ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»